የጎርጎራ ወሽመጥ ለቦርድ፣ ለታንኳና ለዋና ሲመዘን

ጎንደር ተነስቶ በአንድ ቀን ውሃ ዳር ደርሶ መመለስ ለሚፈልግ ሰው የመጀመሪያው ምርጫ ጎርጎራ ነው። ከከተማው ወደ ደቡብ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሄዱ የጣና ሰሜናዊ ዳርቻ ላይ ይደረሳል። ለጥምቀት ከውጭ የሚመጡ ወገኖችና በስልካቸው የሰርፊንግ ቪዲዮ የሚያዩ ወጣቶች ደጋግመው የሚጠይቁት ጥያቄ አንድ ነው፤ እዚያ ሰርፍ ማድረግ ይቻላል ወይ? ማዕበል ላይ ቆሞ መንሸራተት አይቻልም። ቦርድ ላይ ቆሞ መቅዘፍ፣ ካያክና ታንኳ ግን ይቻላል። ከንጋት እስከ ረፋዱ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ ከሆነ ደግሞ ውሃው እጅግ ያማረ ነው። ጎርጎራ ሄደው ቅር ብሏቸው የሚመለሱት አብዛኞቹ ከሰዓት በኋላ የደረሱ ናቸው።

ሰርፊንግ የማይሆንበትን ምክንያት ማወቅ ጠቃሚ ነው፤ ውሃው ላይ ስትሆኑ ምን እንደሚጠብቃችሁ የሚነግራችሁ እሱው ነውና። ጣና ትልቅ ነው። 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሸፍናል፣ ርዝመቱ 84፣ ወርዱ 66 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ማዕበሉ ግን የዚያው ዕለት ነፋስ የሚያስነሳው አጭር ማዕበል ነው። ውቅያኖስ ላይ ሰርፈኞች የሚጠብቁት ማዕበል ከሩቅ ማዕበላማ ስፍራ ተነስቶ ቀናት ተጉዞ የሚደርስ ነው፤ በየ12 ሰከንዱ አንድ የሚመጣ ከሆነ በሁለት ጫፎቹ መካከል ከ200 ሜትር በላይ ርቀት አለ። ጣና ላይ በየ3 ሰከንዱ የሚመጣው ማዕበል ርዝመቱ 14 ሜትር ገደማ ነው። ቦርዱን ከኋላ ገፍቶ የሚያስኬድበት ጊዜም ጉልበትም የለውም፤ ከፍ አድርጎ ወዲያው ይጥላል። የሚሰበርበት ቦታም አይመችም። ግማሽ ሜትር የሚሆን ማዕበል የሚሰበረው ውሃው 60 ወይም 70 ሴንቲ ሜትር ሲቀረው ነው። ጎርጎራ ላይ ይህ ጥልቀት ያለው ጥቁር ድንጋይ በበዛበት ዳርቻ ነው፤ ከቦርዱ ሥር ያለው ክንፍ መጀመሪያ የሚያገኘው ድንጋዩን ነው። አሸዋማ ቢች ጠብቃችሁ አትሂዱ። ዳርቻው ድንጋይ፣ ጭቃና ደንገል ነው፤ ውበቱም በዚያው ነው።

የነፋሱ ሰዓት ከሁሉም በላይ ወሳኝ ነው። ሌሊት የብሱ ከሐይቁ ቀድሞ ይቀዘቅዛል፤ ስለዚህ ንጋት ላይ ነፋስ ካለ ከየብስ ወደ ውሃ የሚነፍስ ቀስ ያለ ነፋስ ነው። በበጋ ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት ያለው ውሃ ብዙውን ጊዜ እንደ ምጣድ የተስተካከለ ነው። ፀሐይ የደንቢያን ሜዳ ስታግለው ነፋሱ ይገለበጣል፤ ከሐይቁ ወደ የብስ፣ ማለትም ከደቡብ ይነሳል። ያ ነፋስ ሰፊውን ሐይቅ አቋርጦ ስለሚመጣ ሰሜናዊው ዳርቻ የማዕበሉ ማረፊያ ነው። ከቀትር በኋላ ቦርድ ላይ መቆም ከባድ ነው፣ ታንኳም ውሃ ይገባዋል። ጠዋት ላይም ቢሆን የውሃው ጸጥ ማለት ሁለት ገጽ አለው። ነፋሱ ከጀርባ ወደ መሃል እየገፋ ያሳስቃል፣ መመለሻው ግን ነፋሱን መጋፈጥ ነው፤ ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደሚባለው። ስለዚህ ስትወጡ ዳርቻውን ተከትላችሁ ቅዘፉ፤ ወደ መሃል አትምቱ። ከዳርቻው ላይ ያለው ሰው ልብሳችሁን ለይቶ ማየት ካቃተው ርቃችኋል።

ወቅቱን በተመለከተ ከታኅሣሥ አጋማሽ እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ይመረጣል። የሐይቁ ውሃ ከፍታ ጫፉ ላይ የሚደርሰው ዝናቡ ካበቃ በኋላ፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ ነው፤ ዝቅ የሚለው ደግሞ ግንቦት መጨረሻና ሰኔ ላይ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ይሆናል። ይህ በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል፤ ዳርቻው ለጥ ያለ በሆነበት ቦታ ግን ግንቦት ላይ ውሃው ብዙ ርቀት ሸሽቶ ጭቃውን ያስቀራል፣ ያንን ጭቃ ቦርድ ተሸክሞ ማቋረጥ እስከ ጉልበት መዝፈቅ ነው። በክረምት ደግሞ እንደ መገጭና ድርማ ያሉ ወንዞች ደለል እየገፉ ስለሚገቡ ውሃው ይደፈርሳል፣ ከሥር ያለ ድንጋይም ሆነ መረብ አይታይም። ከሰዓት በኋላ መብረቅ አለ። በዚያ ሰሞን ውሃ ላይ መውጣት አይመከርም።

እንቦጭ የተባለውን ተንሳፋፊ አረም በተመለከተ ነገሩን አሳንሶ ማለፍ አይገባም። ጣና ላይ መኖሩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ሲሆን ክፉኛ የያዘው ሰሜን ምሥራቁን ዳርቻ ነው፤ ደንቢያ፣ ጎንደር ዙሪያ፣ ሊቦ ከምከምና ፎገራ። ከክረምት በኋላ ይሰፋል፣ በበጋ ይቀንሳል። ምንጣፉ በነፋስ የሚንቀሳቀስ ስለሆነ ጠዋት የተከፈተ ወሽመጥ ከሰዓት በኋላ ሊዘጋ ይችላል፤ ከደቡብ የሚመጣው ነፋስ እየገፋ ወደ ዳር ያከማቸዋል። ቦርድ ይዞ በእንቦጩ ውስጥ ማለፍ አይቻልም፣ መቅዘፊያው ይጠመዳል። ከቦርድ ወይም ከገመድ ላይ የተንጠለጠለች አንዲት ቅጠል ብትሆን ነቅላችሁ ከውሃው ርቃ እንድትደርቅ አድርጉ፤ መልሳችሁ ውሃ ላይ አትጣሏት። ከተቆረጠ ግንድ ሌላ ይበቅላል፣ ዘሩም በጭቃ ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ቦርዳችሁን ሳታጥቡና ሳታደርቁ ወደ ወሎው ሐይቅ፣ ወደ ወንጪ ወይም ወደ ሌላ ውሃ መውሰድ ይህንኑ መከራ ማጓጓዝ ነው።

ጉዞው ቀላል ነው። ከጎንደር በአዘዞ አልፎ፣ 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ቆላ ድባ፣ ከዚያ ጯሂት፣ ከዚያ ጎርጎራ። በሚኒባስ የሚሄድ ሰው ቆላ ድባ ላይ መኪና መቀየር ሊኖርበት ይችላል፤ ቦርድ ያለው ሰው ጣሪያ ላይ ለሚጫን ዕቃ ሒሳቡን ከመሳፈሩ በፊት ይጨርስ። ከዋናው መንገድ ወደ ዳርቻው የሚወርዱት መጋቢ መንገዶች ዋልካ ናቸው፤ ከዝናብ በኋላ ጎማውን ሞልቶ ያንሸራትታል፣ መኪናው በጎን መሄድ ይጀምራል። መነሻችሁ ከንጋቱ 11 ሰዓት ቢሆን ደግ ነው፣ ከዚያ ዘግይቶ የወጣ ሰው የጠዋቱን ውሃ ግማሽ ያጣል። በአሁኑ ጊዜ ከሁሉ በፊት የሚቀድመው ግን የመንገዱን ሰላም በዋዜማው ከመናኸሪያ ሾፌሮች መጠየቅ ነው። እነሱ ካመነቱ ጉዞውን ለሌላ ቀን አሳድሩት። ጥሬ ብርም ያዙ፣ ያውም ዝርዝር።

በፓምፕ የሚነፋ ቦርድ ለሚያመጡ ሁለት ነገር። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ፓምፑ በየአሥሩ ምት አንድ ያህል ተጨማሪ ምት ይፈልጋል። መለኪያው ቁጥሩን እስኪያሳይ ንፉ እንጂ በውቅያኖስ ዳርቻ የለመዳችሁትን ምት ቆጥራችሁ አታቁሙ፤ በግማሽ የተነፋ ቦርድ መሃሉ ላይ ይጎብጣል፣ የቆመውንም ሰው ያንገዳግዳል። ሁለተኛው፣ ተነፍቶ ፀሐይ ላይ የተተወ ቦርድ ውስጡ ያለው አየር ይሰፋና ስፌቱን ይከፍተዋል። ለምሳ ስታርፉ ወይ ጥላ ሥር አስገቡት ወይ ጥቂት አየር አስተንፍሱለት። ጨው የሌለው ውሃ ከባሕር ውሃ ያነሰ የማንሳት አቅም አለው፤ ልዩነቱ ከመቶ ሁለት ተኩል ገደማ ነው። ለከባድ ሰው በጠባብ ቦርድ ላይ ይህም ይሰማል።

የሞተር ጀልባ ስትከራዩ ከዋጋው በፊት ጀልባውን እዩ። ላይፍ ጃኬቱ ለቁጥር የተቀመጠ እንዳይሆን እያንዳንዱን ልበሱት፣ መቆለፊያውን ቆልፉና አንድ ሰው ከትከሻው ላይ ይዞ ወደ ላይ ይሳበው። አገጭን አልፎ ጆሮ ጋ ከደረሰ ውሃ ውስጥም እንደዚያው ሾልኮ ይወጣል። ሞተሩ ሲነሳ ከኋላው ቀጭን ውሃ መርጨት አለበት፤ ማቀዝቀዣው እየሠራ መሆኑን የሚነግራችሁ ያ ነው። በመንገድ ላይ ያ ውሃ ከቀጠነ ወይም ከቆመ እንቦጭ ወይም ጭቃ መሳቢያውን ደፍኖታል፤ ጀልባ ነጂው ወዲያው አጥፍቶ ሞተሩን ወደ ላይ አንስቶ ማጽዳት አለበት። "ይደርሳል" ብሎ ከቀጠለ ሞተሩ ግሎ መሃል ሐይቅ ላይ ይቆማል። ፕሮፔለሩ ላይ የሚጠመጠመው ሌላው ነገር የአሳ መረብ ነው፤ ተንሳፋፊ የፕላስቲክ ኮዳ ወይም የቡሽ መስመር ካያችሁ ለነጂው ጠቁሙት። ደግሞም በዚህ ከፍታ ሞተር ከጉልበቱ ከአምስት እጅ አንዱን ያህል ያጣል፣ ስለዚህ ጀልባው ላይ የተጻፈው የሰው ቁጥር ሙሉ ሆኖ ሲጫን ወደ ነፋሱ መመለስ ይከብደዋል። ከተጻፈው ሁለት ሰው ቀንሱ። ዋጋው ለደርሶ መልስ መሆኑን፣ በየቦታው የሚቆምበትን ጊዜ፣ ነዳጁ በማን እንደሆነ ከመሳፈር በፊት ተነጋገሩ። ከዚህ አንዱ ሳይነሳ ከቀረ ጠቡ የሚነሳው ስትመለሱ ነው።

የጎርጎራ እውነተኛው ቦርድ ግን ታንኳ ነው። ቦርድ ያልያዘ ሰው ምንም አልጎደለበትም። ታንኳ የሚሠራው ከደረቀ ደንገል ነው። ደንገሉ በነዶ በነዶ ይጠቀለላል፣ በገመድ ይጠበቃል፣ ፊቱ ተቆልምሞ ወደ ላይ ይነሳል። ከላዩ ላይ ሌላ ልቅ የደንገል እቅፍ ይደረግበታል፤ ቀዛፊው የሚቀመጠው እዚያ ላይ ነው፣ ምክንያቱም የታችኛው ክፍል ሁልጊዜ እርጥብ ነው። ታንኳ እንደ ጀልባ ውሃን የሚያስቀር ግድግዳ የለውም፤ የሚንሳፈፈው በደንገሉ ውስጥ ባለው አየር ነው። ስለዚህ ውሃ በጠጣ ቁጥር ዝቅ ይላል፣ ማታ ማታ ተጎትቶ ወጥቶ ቆሞ ፀሐይ ላይ ካልደረቀ ይበሰብሳል። ለመሞከር የምትፈልጉ ከሆነ ቀለሙን እዩ። ቢጫ ሆኖ ሲጫኑት የሚነጥረው አዲስ ነው፤ ጠቁሮ ሲጫኑት ውሃ የሚያንጠባጥበው ዕድሜውን ጨርሷል፣ አንድ ሰው ብቻ ይችላል። አቀማመጡ መሃል ላይ፣ እግር ወደ ፊት ተዘርግቶ ነው። አትቁሙ። መቅዘፊያው ረጅም በትር ስለሆነ በግራና በቀኝ እያቀያየሩ መቅዘፍ ነው፤ ጀማሪ የሚሳሳተው ጠንክሮ በመምታት ሲሆን ታንኳው ክብ ይዞራል። ባለቤቱ ከፊት ወይም ከጎን በሌላ ታንኳ ቢሄድ ጥሩ ነው። ዕቃው የእንጀራቸው መሣሪያ ነውና ለመሞከሪያ ሲወስዱት ዓሣ የሚያጠምዱበትን ሰዓት ያህል ቆጥሮ መክፈል ያስመሰግናል።

አሁን ቢልሀርዚያ። ጣና ዳር ላይ ይህ የታወቀ ችግር ነው፤ ጎርጎራን ከሚያሞግሱ ጽሑፎች ውስጥ ግን ብዙውን ጊዜ ይዘለላል። ጥገኛው ከሰው ሰገራ ወደ ውሃ ይገባል፣ በትንንሽ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ ያድጋል፣ ከሳምንታት በኋላ ተለቆ የሰው ቆዳ ይፈልጋል። ለመግባት ደቂቃዎች ይበቁታል። ቀንድ አውጣዎቹ የሚበዙት ጥልቀት በሌለው፣ በረጋና ሣር በበዛበት ውሃ ነው፤ ልብስ የሚታጠብበት፣ ከብት የሚጠጣበት ዳርቻ ማለት ነው። የሚለቀቀው በብርሃን ሲሆን ቀትር አካባቢ ይበዛል። ስለዚህ ለልጆች ይመቻል ተብሎ የሚመረጠው የቀትሩ ለብ ያለ፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ ውሃ ዋናው አደገኛ ቦታ ነው። ዋና የግድ ከሆነ ከጀልባ ላይ፣ ከዳርቻው ራቅ ብሎ፣ ጠዋት ይሁን፤ አደጋው ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። ቦርድ ስታወርዱ ውሃ ውስጥ ከመግባት በማረፊያው ግንብ ወይም በድንጋዩ ላይ ሆናችሁ ውጡ፤ የግድ የሚገባ ሰው ረጅም ቦት ጫማ ያድርግ። በፎጣ ቶሎ መታሸት ይረዳል ይባላል፣ መተማመኛ ግን አይሆንም። ከገባችሁ በኋላ ቆዳ ቢያሳክክም ባያሳክክም ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ሰገራችሁን ተመርመሩ። ከዚያ በፊት ያለው ምርመራ እንቁላሉን ላያገኘው ይችላል፣ ፕራዚኳንተል የተባለው መድኃኒትም በደንብ የሚሠራው ባደገው ትል ላይ ነው። ከሳምንታት በኋላ ትኩሳትና ሳል የያዘው ሰው ለሐኪሙ "ጣና ገብቼ ነበር" ማለቱን አይርሳ።

ጉማሬን በተመለከተ፣ ምሽት ላይ ከደንገሉ ወጥቶ ሌሊቱን ይግጣል፣ ንጋት ላይ ይመለሳል። በእሱና በውሃው መካከል መቆም ሞትን መጋበዝ ነው። የወንዝ አፍና ጥቅጥቅ ያለ ደንገል አጠገብ በቦርድ አትጠጉ፤ ውሃው ላይ ከታየ ቢያንስ 100 ሜትር ራቁ።

ምሳ አሳ ነው፤ ጎርጎራ ሄዶ ጥብስ ማዘዝ ያስቆጫል። ቀረሶ ሙሉውን፣ ጎኑ ተተልትሎ ሲጠበስ ጥሩ ነው፤ ትልቱ ጥልቅ ከሆነ ዘይቱ እስከ አጥንቱ ይደርሳል፣ ጠርዙም ይንኮሻኮሻል። ከመጥበሱ በፊት ጥሬውን አሳዩኝ በሉ። ስንጥቡ ቀይ፣ ዓይኑ ጥርት ያለና ያበጠ፣ ሥጋው ሲጫኑት የሚመለስ መሆን አለበት። ዓይኑ ጎድጉዶ ስንጥቡ ቡናማ ከሆነ ከትናንት የዋለ ነው። መጥበሻውን አይታችሁ ዘይቱ ጠቁሮ ከሆነ ጉላሽ ማዘዝ ይሻላል። አምባዛ ሥጋው ወፍራምና ቅባት ያለው ስለሆነ ለወጥ ይመረጣል። ነጭ አሳ ጣና ብቻ የሚገኙ ዝርያዎች አሉት፣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት ብዙዎቹ ለመራባት ወደ ወንዞች ይወጣሉ፤ በዚያ ጊዜ በወንዝ አፍ የተያዘ አሳ መብላት የከርሞውን ዘር መብላት ነውና ቀረሶ እዘዙ። አሳው በሎሚ፣ በዳጣና በእንጀራ ነው የሚያምረው። ከታዘዘ በኋላ 40 ደቂቃ ያህል ስለሚፈጅ ውሃ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት እዘዙት።

ነፋሱ ሲነሳ ጊዜው የየብስ ነው። ወደቡ አጠገብ ያለችው ደብረ ሲና ማርያም በሣር ክዳኗ የምትታወቅ ክብ ቤተ ክርስቲያን ናት፤ የመቅደሷ ግድግዳ ላይ ያሉት የ17ኛው ክፍለ ዘመን ሥዕሎች ከመጀመሪያው የጎንደር ሥዕል ዘይቤ ዋና ምስክሮች መካከል ናቸው። ጫማ ይወልቃል፣ ነጠላ ያስፈልጋል፣ ለፎቶ መጀመሪያ ፈቃድ ይጠየቃል፣ ፍላሽ አይበራም። በጀልባ የሚደረሰው ማንዳባ መድኃኔ ዓለም ገዳም ሴቶች አይገቡበትም፤ አብረው የሄዱ ቤተሰቦች ይህን አስቀድመው ይወቁት። በስተ ምዕራብ አሮጌው ጎርጎራ ላይ ያለው ማርያም ግምብ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1607 እስከ 1632 ባለው ጊዜ፣ ከኢየሱሳውያን (ከጄዙይት የካቶሊክ ሚሲዮናውያን) ጋር የተያያዘ የድንጋይና የኖራ ሕንፃ ፍርስራሽ ነው። አብያተ መንግሥቱን ጎንደር ላይ ያየ ሰው እዚህ መጥቶ የኖራውን ሥራ ሲያይ ፋሲለደስ እ.ኤ.አ. በ1636 ከተማውን ሲቆረቁር የግንብ ሥራው በአካባቢው የተለመደ እንደነበር ይገባዋል። ግድግዳው ላይ አትውጡ፣ የቀረውም እየተናደ ነው። ማርያም ግምብን የሚያይ ሰው በጠዋት ይሂድ፤ ለነፋስ የተጋለጠ የጀልባ ጉዞ ነውና ከሰዓት በኋላ አይሆንም።

ለማደር በገበታ ለሀገር ፕሮጀክት የተሠራው የጎርጎራ ኢኮ ሪዞርት አለ፤ ከተማው ውስጥ ደግሞ ቀለል ያሉ ማረፊያዎች። ለቦርድ ብሎ ለሚመጣ ሰው ማደር ከመመላለስ ይሻላል፣ የንጋቱን ውሃ ያለ ጉዞ ድካም ያገኘዋልና። አልጋ ስትይዙ ሁለት ነገር ጠይቁ፤ አጎበር አለ ወይ፣ ቦርድ የሚያድርበት ጥላ ያለው ቦታ አለ ወይ። ዳርቻው የወባ ትንኝ አካባቢ ስለሆነ አጎበር ከሌለ የራሳችሁን ይዛችሁ ግቡ።

በዚያው ቀን የሚመለስ ሰው ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ዕቃውን አስሮ መኪና ፍለጋ ይጀምር፤ ከ9 ሰዓት በኋላ ወደ ቆላ ድባ የሚወጣ ሚኒባስ ይገኛል ብሎ መተማመን አይቻልም። ቦርዱን ከመጠቅለላችሁ በፊት በንጹሕ ውሃ አጥባችሁ ሥሩን ወደ ፀሐይ አዙሩት፣ ክንፉ የገባበትን ስንጥቅም በጣታችሁ ፈትሹት፤ የእንቦጭ ሥር የሚደበቀው እዚያ ነው።